ሳውናው ውስጥ የረሳሁት ጫማ

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

ዛሬ የሙታን መታሰቢያ ቀን ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ከፈትኩ፣ ማሞቂያውን ለኮስኩ፣ ደወሉን ደወልኩ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ ዘጋሁና ወደ መቃብሩ ወረድኩ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ የምከፍት፣ የማሞቅና የምዘጋ ሰው ነኝ። ለኢርሜሊ ሻማ አበራሁላት። ነፋሱ ሁለት ጊዜ አጠፋብኝ፤ በሦስተኛው እሺ አለ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለችም እሺ የምትለኝ በሦስተኛው ነበር።

ስለ ልጃችን ነገርኳት። ሄልካ በዲሴምበር አጋማሽ ቱርኩ ከተማ ሄዳ በሙዚቃ በሚዘለልበትና በሚሽከረከርበት የበረዶ ላይ ሸርተቴ ለአገር ሻምፒዮናው ትወዳደራለች። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዷ ከሆነች ለአውሮፓው ውድድር ፊንላንድን ወክላ ትሄዳለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። በዚህ ስፖርት ሃያ ሁለት ማለት በእኔ ሥራ ሰማንያ እንደማለት ነው። «ዘንድሮ ካልሆነ በቃኝ አባዬ» ብላኛለች። ጠዋት ጠዋት ዓሣ ትሸጣለች፣ ከሰዓት ትዘላለች። የአሰልጣኟ ቀልድ «ዳኞቹ ሳያዩሽ ያሸቱሻል» የሚል ነው።

ይህን ሁሉ መቃብር ላይ ቆሜ ድምፄን አውጥቼ ስናገር ሰማያዊ ጓንት ያደረገች አንዲት ሴት ከወዲያኛው ረድፍ ቀና ብላ አየችኝ። አፈርኩ። ደብተር የገዛሁት ለዚህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለኢርሜሊ የምነግራትን ቤቴ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8

ሄልካን ከበረዶ አዳራሹ ላመጣት ሄድኩ። አሰልጣኟ ኦርቮኪ ጎትታ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ስልሳ ዓመት አልፏታል፤ ስትናገር አሁንም በረዶው ማዶ ላለ ሰው ነው የምትጮኸው።

«ታይስቶ፣ ስማኝ። ቱርኩ ላይ ከተሳካላት በጃንዋሪ ሄልሲንኪ ትገባለች። እዚያ አብረዋት የሚዘሉ አሉ። እዚህ ከእኔና ከቬይኮ የበረዶ ማለስለሻ መኪና በቀር ማን አላት?»

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ፊትህ ለምን እንደዚህ ሆነ?»

«ፊቴ ድሮም እንደዚህ ነው።»

ጥሩ ነው ያልኩበት ድምፅ ግን የእኔ አልመሰለኝም።

ማታ ሁለት ፍልጥ ብቻ ከትቼ ግቢያችን ውስጥ ያለውን የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሳውናውን፣ ለብ አደረግኩት፤ እርጥብ የሸርተቴ ጫማዋን የላይኛው መደብ ላይ አስቀመጥኩ። ኢርሜሊ ካልሲውንም፣ እንጉዳዩንም፣ የልጅቷንም ጫማ የምታደርቀው በዚህ ዓይነት ነበር። ለብ ባለ ሳውና፣ ቀስ ብሎ። የሳውናው አምፖል ተቃጥሏል። መቀየር አለብኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

ጻፍ ታይስቶ። ጻፈው።

ዛሬ የአባቶች ቀን ነው። ሄልካ በሌሊት ልብሷ ኬክና ቡና በትሪ ይዛ ገባች። ኬኩ ላይ በክሬም «ለአባዬ» ብላለች፤ ፊደሉ ትንሽ ተንሸራቷል። አንድ ጉርሻ አፌ ውስጥ እንዳለ፣

«ጫማዬ ደረቀልኝ?» አለችኝ።

ሹካውን ትሪው ላይ ጣልኩ።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ሳውና ይሞቃል። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ በዚህ አገር ቅዳሜ ሳውና ሳይሞቅ ቀርቶ አያውቅም። አምፖሉን ስላልቀየርኩ በጨለማ ገብቼ እንጨቱን ሞላሁ፤ በእጄ ሳልዳብስ፣ ቀና ብዬ ሳላይ። ከዚያ ቬይኮ መጣ። ቬይኮ በአዳራሹ የበረዶ ማለስለሻውን መኪና የሚነዳ ነው፤ ቅዳሜን አብረን ስንቀመጥ ጸጉራችን ሸብቷል። ድንጋዩ ላይ ውኃ ደፋን። ቬይኮ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና፣

«አንተ፣ ምንድን ነው ማስቲሽ ማስቲሽ የሚሸተው?» አለኝ።

«የጥድ ሬንጁ ነው። ውኃው ላይ ጠብ አድርጌበታለሁ።»

«ደግ አደረግህ። ደረት ይከፍታል» አለና አንድ ጭልፋ ጨመረበት። ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን በረጅሙ ሳብነው። የልጄን ጫማ ነበር የምንስበው።

ዛሬ ጠዋት ትሪውን ትቼ በካልሲ በረዶውን አቋርጬ ወደ ሳውናው ሮጥኩ። ግራው እንደምንም መሬት ወድቆ ኖሯል። ታች ቀዝቃዛ ነው፤ ምንም አልሆነም። ቀኙ ግን ከባልዲው ጀርባ፣ ከራሴ አጠገብ ተቀምጦ ኖሮ እንደ ሻማ ለስልሶ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል። ሶሉ ከንፈሩን ከፍቶ ከሥሩ ያለውን የብረት ስለት አንጠልጥሎታል።

ሄልካ በር ላይ ቆማ አየችው። ከዚያ «አባዬ፣ ቀቀልከው እኮ» አለችና ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ወደ ቤት ገባች፣ የተረፈውን ኬክ ቁጭ ብላ በላች። ለእኔም ቆረሰችልኝ። እሱ ነው የባሰብኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11

አዲስ ጫማ ከውጭ ታዟል። ለመድረስ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል ይላሉ። ደርሶም እግር እስኪለምደው ድረስ እንደ እንጨት ነው፤ ልጆቹ አዲስ ጫማ የሚገዙት በበጋ የሆነው ለዚህ ነው። በኖቬምበር ጫማ የሚቀይር የለም። የሚቀቅልም የለም።

ሁለቱን ጫማ በከረጢት ይዤ ገበያው አጠገብ ወዳለችው ጫማ ሰሪ ሄድኩ። የድሮው ሽማግሌ ጫማ ሰሪ ጡረታ ወጥቶ ባለፈው ጸደይ አንዲት ሴት ተክታዋለች። ራይሊ ትባላለች። ቀኙን ጫማ በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችው፣ ውስጡን አሸተተችው፣ አየችኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ጫማ ሳውና ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«በጥድ ሬንጅ ጭምር?»

መሬት መሬት አየሁ። ሳቋን ልትይዘው ሞክራ ነበር፤ ትከሻዋ አጋለጣት። «ቀኙ ሞቷል» አለችኝ። «ነፍስ ይማር። ግራው ግን በሕይወት አለ፤ ይተዉልኝ፣ ስፌቱን ላጥብቅለት።»

ባንኮኒው ላይ ሰማያዊ ጓንት ተቀምጦ አየሁ። ሰማያዊ ጓንት ብዙ ሰው አለው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

ኦርቮኪ ተናገረችኝ። ሁሉንም ደግሜ መጻፍ አያስፈልግም። መጨረሻዋ «ለሃያ ዓመት ሰው ጫማ ሲሰርቅ፣ ሲረሳ፣ አውቶቡስ ላይ ሲጥል አይቻለሁ። ሲያበስል ግን አላየሁም» የሚል ነበር። ልክ ናት።

ዛሬ በወላጆቹ የቡና መሸጫ ተራዬ ነበር። ከአዳራሹ መግቢያ ቡናና ሄል ያለበት ዳቦ እንሸጣለን፤ ለክለቡ ነው። ከዳቦው መደርደሪያ ኋላ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ሁለት እናቶች መጡ።

«አባትየው ነው አሉ ጫማዋን ያበሰለው።»

«ውይ! ስንት ደቂቃ?»

«እስኪለሰልስ።»

ቀና ብዬ «ዳቦ ልስጣችሁ?» አልኳቸው። አንዷ ቡናዋን ልብሷ ላይ ደፋች። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ሄልካ በትውስት ጫማ ነው የምትለማመደው። ሰፋ ይላታል። ዝላይ የለም፤ መሽከርከርና መንሸራተት ብቻ። «እግሬ ባልዲ ውስጥ እንዳለ ነው» ትላለች እየሳቀች። ምሽት ላይ በካልሲ ኩሽና ውስጥ ትዘላለች፤ ሳህኖቹ ይንቀጫቀጫሉ።

ስፌቱ ጠብቆ የተመለሰው የግራው ጫማ ማሰሪያ ጫፉ ወልቋል ብላ ወደ ራይሊ ላከችኝ። ሄድኩ። ቡና አፍልታ ነበርና ጠጣሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

ማሰሪያው እንደገና ጫፉ ወልቋል። ሄልካ ምን እንደምታደርገው እንጃ። ሄድኩ። ራይሊ ባሏን ሦስት ክረምት አስታምማ የቀበረችው እዚሁ የእኛ መቃብር ነው። «በሙታን መታሰቢያ ቀን ከሚስትዎ ጋር ሲነጋገሩ ሰምቼዎት ነበር» አለችኝ። ጆሮዬ ጋለ። «አይፈሩ። እኔም እናገራለሁ፤ እኔ ግን ቀስ ብዬ ነው።»

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23

ሳውና ከቬይኮ ጋር። አምፖሉን ቀይሬያለሁ። ቬይኮ ገና ሳይቀመጥ መደቡን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰው።

«ኮት የለም? ቦርሳ? ዛሬ ምን ልንበላ ነው?»

«ቁጭ በል።»

«እሺ ሌላ ልጠይቅህ። አንድ የጫማ ማሰሪያ ለማሠር ስንት ቡና ይጠጣል?»

«ሥራ ይዛ ስለነበር ጠበቅኳት።»

«እኔም ሥራ ይዤ ነው የምትጠብቀኝ፤ አንድ ቀን ቡና ጠጥተህልኝ አታውቅም።»

ድንጋዩ ላይ አንድ ጭልፋ ደፋሁ። እሱ ሲሄድ ግን ብቻዬን ትንሽ ቆየሁ። አንድ ነገር ያሳስበኛል። ያን ዓርብ ኦርቮኪ «ሄልሲንኪ» አለችኝ። በማግስቱ ጫማውን ረሳሁ። ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አልወድላቸውም። ሄልካ ከሄደች ማታ ማታ በዚህ ቤት የሚንቀጫቀጥ ሳህን አይኖርም። እጄ የማላውቀውን ነገር አውቆ ይሆን? ለጌታ ይህንኑ ጠየቅኩት። አልመለሰልኝም። እሱም እንደ ፊንላንድ ሰው ነው፤ ሲጠይቁት ቶሎ አይመልስም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 27

ጫማው መጣ! ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሳጥኑ ራሱ የሚሸት። ራይሊ የድሮዎቹን ስለቶች ፈትታ ወደ አዲሶቹ አዛወረች። ሄልካ ለአንድ ሰዓት በአዲሱ ወጣች። ስትመለስ ምንም አላለችም። ካልሲዋ ላይ ደም አየሁ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 1

ከገና በፊት ካሉት አራት እሑዶች የመጀመሪያው። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ በር ላይ ሰው ቆመ። በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሞላ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ወንበሩን የማጸዳው እኔ ነኝና። ሁሉም ተነሥቶ የዚህን ቀን መዝሙር፣ ሆሳዕናን፣ ሲዘምር ሕንጻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ዘወትር አለቅሳለሁ፤ ከኦርጋኑ ጀርባ ስለምቆም ማንም አያየኝም። ዛሬ ግን ራይሊ መጥታ ነበርና ከጎኔ ቆመች። እስዋም አለቀሰች። መሐረብ አንድ ብቻ ነበረን።

ሄልካ ከጎናችን ሆና እየዘመረች ክብደቷን ከግራ እግሯ ላይ እያነሣች ነበር። ቀኙ እግሯ አዲሱን እየለመደ ነው፤ ራይሊ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ከውስጥ ገፋ አድርጋ አስፍታለታለች። ግራው ግን አሻፈረኝ ብሏል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ግራ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጉብ ያለ አጥንት አላት፤ አሮጌው ጫማ ያንን አጥንት ያውቀዋል፣ አዲሱ አያውቀውም። ቆዳው ተገሽልጦ ሥጋው ይታያል።

አየር ላይ ሦስት ዙር ለሚዞሩበት ዝላይ መጸለይ ይቻላል? ቄሱን ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት። ሦስት ዙር ምን እንደሆነ ማስረዳት ይጠበቅብኛል።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

ዛሬ በራይሊ ሱቅ እኔ፣ ሄልካና ኦርቮኪ ነበርን። ኦርቮኪ ተስፋ ልትቆርጥ ምንም አልቀራትም። «በዚህ እግር ቱርኩ አልወስዳትም። ቁስሉ ያመረቅዛል። ታይስቶ፣ አንተ ነህ የምትነግራት፤ አንተ ነህ ያበሰልከው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አፌን ከፈትኩ። ሄልካ ግን ጫማዎቹን ባንኮኒው ላይ ደርድራ ታያቸው ነበር። አሮጌው ግራ፣ እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ። አዲሱ ቀኝ፣ እንደ ወተት ነጭ። ጎን ለጎን አቆመቻቸው።

«አንድ አሮጌ፣ አንድ አዲስ» አለች።

«አበድሽ?» አለች ኦርቮኪ።

«ቀኙ ለምዶልኛል። ግራው ድሮም የኔ ነው።»

«ታኮው አንድ አይደለም! ሚዛንሽ ይዛባል! አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ እንደ አንካሳ ዶሮ ልትዘይ ነው?»

ሁላችንም ራይሊን አየናት። እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ አውጥታ ሁለቱንም ታኮ ለካች። «ስለቱን ወደ አሮጌው ግራ መልሼ ታኮውን ላስተካክለው እችላለሁ። ግን አሁን ነው እሺ የምትሉኝ፤ ነገ ስትፈሩ መልሼ አላስረዝመውም።»

ኦርቮኪ ወደ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። «ሁለት ቀለም ጫማ አድርጋ ዳኛ ፊት!»

«ስቶኪንጉን ከጫማው በላይ አለብሰዋለሁ። ብዙዎቹ እንደዚህ ያደርጋሉ፤ ማን ያየዋል?» አለች ልጄ።

ኦርቮኪ ለእግዚአብሔር ይሁን ለራይሊ እንጃ፣ «እሺ፣ ቁረጪው» አለች።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 6

የነጻነት ቀን። በመስኮቱ ሁለት ሻማ አበራን። የዓሣ ሾርባ ሠራሁ፤ ሄልካ ከሥራ ቦታዋ ያመጣችው ሳልመን ነው። ገና ስናቀርብ ራይሊ የተስተካከለውን ጫማ ይዛ መጣች። ሱቅ ዝግ ነው፣ ነገ ማምጣት ትችል ነበር። ሾርባውን ቀመሰችና፣

«ታይስቶ፣ ጨው ረስተሃል» አለችኝ።

ረስተሃል። እስከ ዛሬ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ። አምልጧት ይሆናል።

ሄልካ ሾርባዋን ፉት ሳትል ሁለታችንን እየተመለከተች ፈገግ አለች። ምን እንዳሳቃት ብጠይቃት «ሳልመኑ» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 10

ቸኩያለሁ። ዛሬ በአንድ አሮጌና በአንድ አዲስ ጫማ ዘለለች። ወደቀች። ዘለለች። ወደቀች። ሦስተኛው ላይ ቆመች!! ቬይኮ መኪናውን አቁሞ ጥሩምባውን ነፋ። ኦርቮኪ ሰደበችው። አሁን ቀሚሷን መተኮስ አለብኝ። ካውያው በጣም እንዳይግል።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 12

ነገ ቱርኩ። ሄልካ ከኦርቮኪ ጋር ትሄዳለች። እኔ ከራይሊ ጋር በሷ መኪና፤ ታኮው ቢላቀቅ መዶሻና ማስቲሽ ይዛ እንድትገኝ ሄልካ ለምናታለች። እሑድ ደወሉን ቬይኮ ይደውልልኛል። ገመዱን አንዴ ስቦ እንዲለቅ አሳይቼዋለሁ። አልሰማኝም።

ማታ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያንን ነገር ነገርኳት። የሄልሲንኪውን ነገር፣ የረሳሁትን ነገር፣ ሁለቱ ጎን ለጎን መሆናቸውን። ጓንቷን እያጠፈች ሰማችኝ።

«አባዬ፣ ጫማውን የረሳኸው አምፖሉ ስለተቃጠለና ቬይኮ አፉ ስለማያርፍ ነው።»

«ልቤ ግን...»

«ልብህ አትሂጂ ሊል ይችላል። እኔም ልቤ እንደዚያ ይላል። እጅህ ግን ሆን ብሎ ክፉ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥንቃቄ የለውም። ጨው እንኳ የሚረሳ እጅ ነው።»

ግንባሬን ሳመችኝ። ጌታ የጠየቅኩትን የመለሰልኝ በዚህ በኩል ይሆናል። ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 14፣ ቱርኩ

አጭሩ ውድድር፤ የዛሬና የነገው ነጥብ ይደመራል። ሦስተኛ! ለአውሮፓው ሁለት ነው የሚፈለገው። አንደኛዋ ፒህላ የምትባል የኤስፖ ልጅ ናት፤ ክብደት የላትም፣ ነፋስ ነው የሚያነሣት። ታኮው አልተላቀቀም። ራይሊ እጄን ጨምቃ ይዛኝ ነበር፤ ስለ ታኮው ፈርታ ነው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 15፣ ቱርኩ

ሆቴል ውስጥ ነኝ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ቬይኮ ደወለ። «ታይስቶ፣ ደወሉ አልቆም አለኝ። ቄሱ ገብተው እስኪለምኑኝ ድረስ ደወልኩ። ሰው እሳት ተነሣ ብሎ ከየቤቱ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፤ ደስ ይበልህ።»

ከሰዓት ረጅሙ ውድድር። ትናንት ሁለተኛ የወጣችው ልጅ አንዴም ሳትወድቅ ጨረሰች፤ እኛ ቁጭ ብለን አጨበጨብን። ከዚያ የሄልካ ተራ ደረሰ። ሙዚቃው አኮርዲዮን ነው፤ ኢርሜሊ የምትወደው ዓይነት ዋልስ። ስቶኪንጉ ጫማውን ሸፍኖታል፤ እግሯ ያማረ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ዝላይ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ዘለለች፣ በአየር ላይ ዞረች፣ በቀኙ፣ በአዲሱ፣ በእኔ ዕዳ ላይ አረፈች። ትንሽ ተወዛወዘች። ቆመች። ራይሊ «ታኮው!» ብላ ጮኸች፤ ከፊታችን ያሉ ሰዎች ዞረው አዩን።

ከዚያ ሦስተኛው ዝላይ ላይ ወደቀች።

በመቀመጫዋ ነው የወደቀችው፤ ድምፁ እስከ እኛ መጣ። «ጌታ ሆይ» አልኩ። ስትነሣ ፊቷን አየሁት። ኩሽና ውስጥ ሳህን ስትሰብር እንደምትስቀው ስቃለች። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም። በረዶው ላይ የነበረችው ልጄ ብቻ ሳትሆን የዓሣ ሻጯም፣ የኬክ ቆራሿም ሴት ነበረች። መጨረሻ ላይ፣ እግር ሁሉ በሚደክምበት ቦታ፣ የወደቀችበትን ዝላይ ጨምራ ዘለለችው። ኦርቮኪ ከሜዳው ዳር «ይሄን አልተነጋገርንም!» ብላ ስትጮህ ተሰማኝ። ሄልካ አረፈች። ሕዝቡ ተነሣ።

ኦርቮኪ አጠገብ ቁጭ ብላ ውጤት ስትጠብቅ ካሜራው መጣባት። ስቶኪንጉን ከጫማው ላይ ሳበችና እግሮቿን ወደ ካሜራው አነሣች። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ። ትልቁ ስክሪን ላይ ሁሉም አየው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። «አባዬ፣ እወድሃለሁ! ሳውና እንገናኝ!» አለች፤ በመላው ፊንላንድ ፊት።

ውጤቷ ሁለተኛ አደረጋት። ግን ፒህላ ገና አልወጣችም ነበር። ፒህላ ካለፈቻት ሦስተኛ ናት፤ ለአውሮፓም አትሄድም።

ይህን መጻፍ አለብኝ። ፒህላ ወጣች። ስትዘል የሰው ልጅ እንዲህ ይችላል ወይ ያሰኛል። እኔ እጆቼን አጣምሬ «ፈቃድህ ይሁን» እያልኩ ነበር። አራተኛው ዝላይ ላይ ወደቀች፤ ደስ አለኝ። ጌታ ሆይ፣ ያየኸው አንተ ነህ፤ ደስ አለኝ። አንዲት ሕፃን ስትወድቅ። ቶሎ ብዬ «እንደገና አትውደቅ» አልኩ፣ ከልቤም አልኩት፤ ግን ዘገየሁ።

አልወደቀችም። ቁጥሩ ሲወጣ ግን ፒህላ ሦስተኛ ሆነች። ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ነጥብ ነው የጎደላት። ሄልካ ሁለተኛ!! ሄልካ ለአውሮፓ ትሄዳለች!

ራይሊ አቀፈችኝ። አቀፍኳት። ስንለያይ ሁለታችንም ወደ ውጤቱ ሰሌዳ አየን፤ ሰሌዳው ላይ ምንም አዲስ ነገር አልነበረም።

መውጫው ላይ የፒህላን አባት አየሁት። ብቻውን ቆሟል። ሄጄ ከፔርሙሴ ቡና ቀዳሁለት። «ልጅህ እንደ ወፍ ናት» አልኩት። «ትናደዳለች፣ ነገ ይተዋታል» አለኝና ጠጣ። ትንሽ ቆይቶ፣ «አንተ ነህ ጫማውን ያበሰልከው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። «ለሚቀጥለው ዓመት እኔም ልሞክረው» አለኝ። ስቀን ተጨባበጥን። ቅድም ስለ ተደሰትኩበት ግን አልነገርኩትም። ለዚህ ደብተር ነገርኩት።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 18

ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን በር እየጠራ እጄን ይጨብጠኛል። ቄሱ «እሑድ ማን እንደሚደውል እባክህ አስቀድመህ ንገረኝ» አሉኝ። ኦርቮኪ ለሄልካ በሄልሲንኪ ክፍል አግኝታላታለች። ከጃንዋሪ መጀመሪያ። «ጥሩ ነው» አልኩ። ዛሬ ድምፁ የእኔ ነበር ማለት ይቻላል።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 24

የገና ዋዜማ። ጠዋት የሩዝ ገንፎ በላን። ገንፎው ውስጥ አንድ ፍሬ ለውዝ ይደበቃል፤ ያገኘው ሰው በመጪው ዓመት ይታጫል ይባላል። ራይሊ መጥታ ነበር። የቤተሰብ ሰው ስለሌላት ነው የጠራናት፤ ሄልካ ናት የጠራቻት፣ እኔም ተስማማሁ። ራይሊ ለውዙን አገኘች። እኔም አገኘሁ። ለውዝ አንድ ነው የሚደበቀው። ሄልካን አየኋት፤ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም መቃብሩ ሄድን። በበረዶው ውስጥ የሻማው መብራት ብዛት! ለኢርሜሊ አበራሁላት፤ በመጀመሪያው እሺ አለ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ራይሊ ለባሏ አበራችና ከዚያኛው ረድፍ ቆማ ቀስ ብላ ስትናገር አየኋት። እኔ ግን ዛሬ ምንም አልተናገርኩም። ኢርሜሊ ሁሉን ታያለች።

ከዚያ የገና ሳውና። ዓመቱን ሙሉ ከሚሞቀው ሁሉ ጸጥ ያለው ይህ ነው። ሄልካ የሳውናው በር ላይ ሰሌዳ ሰቅላበታለች፦ «ጫማ መግባት ክልክል ነው።» ፊደሉ አሁንም ተንሸራቷል። ሴቶቹ ቀድመው ገቡ። እኔ ኩሽና ሆኜ የአሳማውን ጭን እየጠበቅኩ ሳቃቸውን በበረዶው ላይ ሰማሁ። ከዚያ ሳውና የሁለት ሴቶች ሳቅ አብሮ ከተሰማ አራት ክረምት ሆኖታል። እሳቱን ረስቼ ጭኑ ትንሽ አረረ።

በበራችን ምንጣፍ ላይ ሦስት ጥንድ ጫማ ተደርድሮ አየሁ። የራይሊ ታኮ በአንድ በኩል ተበልቷል። የሰውን ጫማ እያበጀች የራሷን አትመለከትም። ልነግራት እፈልጋለሁ።

አሁን ሄዳለች። ሄልካ ተኝታለች፤ ነገ የገና ቅዳሴ በጠዋት ነውና እኔም መተኛት አለብኝ። ከመተኛቴ በፊት ሳውናውን ልፈትሽ ሄድኩ። አምፖሉ ይበራል። እሳቱ ጠፍቷል። መደቡን ከዳር እስከ ዳር በእጄ ዳበስኩ።

የላይኛው መደብ ላይ የራይሊ ሰማያዊ ጓንት ተቀምጧል። ለማድረቅ አስቀምጣው ረስታዋለች። ውጭው ሃያ ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፤ ያለ ጓንት እንዴት ሄደች? ሄልካን ቀስቅሼ ብጠይቃት ዓይኗን ሳትገልጥ «የረሳችው አይመስለኝም አባዬ» አለችኝ።

ድንጋዩ ላይ እጄን አሳረፍኩበት። ለብ ብሏል። ለጓንት የሚበቃው ይህ ነው፤ ቀስ ብሎ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይዤላት እሄዳለሁ። ጓንቱን አላነሣሁትም። በሩን ዘጋሁ።